አሥራ ሁለተኛዋ ቁልፍ

ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ነህልኝ? ደህና ነኝ እንደምትል አውቃለሁ፤ አንተ መቼ ደህና ሳትሆን ቀርተህ ታውቃለህ! ጉልበትህስ? ያ የጠዋት ሳል ለቀቀህ? ጎረቤትህ ጫማ ሰፊውስ አሁንም ሬዲዮኑን እያስጮኸ ያደነቁርሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከወገቤና ከተማሪዎቼ በቀር የሚያመኝ የለም። ያንተ ናፍቆት ግን ሰሞኑን በረታብኝ።

ፊደሉ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያበጠው ትል ይሆናል። ሆነ ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ወፍራም ብዕር፣ በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ብቻ እያሰፈርኩልህ ነው። ራስህ እንድታነበው ስለምፈልግ ነው። ለጫማ ሰፊው ሰጥተህ እንዳታስነብበው፤ ልቡ ደግ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። ረፋድ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠህ ቀስ ብለህ አንብበው። አንድ ቀን ካልበቃህ ሁለት ቀን ይፍጅ። ፖስታው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር አለች። እሷን አሁን እንዳትፈታት፤ ደብዳቤው ሲያልቅ ትፈታታለህ። አደራ። ትዕግሥት የሌለኝ እኔ እንጂ አንተ አይደለህምና አምንሃለሁ።

ካፖርቱ ደርሶኛል። እጅህ ይባረክ! ትከሻው ልክክ ብሎ ነው የተቀመጠልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳታየኝ፣ እኔም በአራት ዓመት ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብዬ፣ እንዴት አድርገህ እንደገመትከኝ እንጃ። ሥራ ቦታ ለብሼው የሄድኩ ቀን የክፍላችን ጸሐፊ ከየት ነው የገዛሽው ብላ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። ወንድሜ ነው የሰፋው ብላት አላመነችም። አውልቄ ውስጡን ገልብጬ አሳየኋት። ማንም በማያየው በውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ልክ እማዬ ታደርገው እንደነበረው፣ በቀይ፣ በጥቁርና በሰማያዊ ክር ዙሪያውን ጠልፈህበታል። ያን ሳይ ጸሐፊዋ ፊት ማልቀስ አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ ጥልፉን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩና ከግራ ኪሱ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር አይቼ ቀጥ አልኩ። ምን እንዳየሁ እነግርሃለሁ። ካፖርቱን የጠቀለልክበትን ወረቀትም ነገር እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን ባለፈው ሳምንት በስልክ ያልከኝን አልረሳሁትም። ዓይንህን ለምን አትታይም ስልህ፣ ዓይኔ ደክሞት ነው እንጂ ምንም አልሆነ አልከኝ። የስፌት መኪናው መርፌ ጣትህን በሳህ የሚባለው እውነት ነው ወይ ስልህ፣ ማን ነገረሽ ብለህ ተቆጣህ እንጂ አልበሳኝም አላልክም። እዚህ ና፣ ሐኪም አለ፣ ቀጠሮም ይዤልሃለሁ ስልህ ደግሞ፣ ዕድሜ ልኬን ከዚህች ሱቅ ወጥቼ አላውቅም፣ አሁን በስተርጅና ምን ሲደረግ አልከኝ። ይህ ሁሉ ባልከፋኝ። መጨረሻ ላይ ግን ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ፣ እኔ ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም አልክ። መስመሩ ተቋርጦ አይደለም ያኔ፤ ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ከእኔ ምንም እንደማትፈልግ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እኮ እሱ ነው የሚያናድደኝ!

አሁን እንግዲህ ልቤን ላውራህ።

የቁልፎቹን ቆርቆሮ ታስታውሰዋለህ አይደል? ምን ማለቴ ነው፣ እስካሁን እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ድሮ ብስኩት የነበረበት፣ ክዳኑ ላይ የተሳለችው ሴትዮ ተፍቃ ተፍቃ አንድ ዓይኗ ብቻ የቀረች። ከየሰዉ ሸሚዝና ኮት የተፈቱ ቁልፎች ሁሉ እዚያ ይገቡ ነበር። ከነሱ መካከል የእኛ አሥራ ሁለቱ ነበሩ፤ ቡኒ፣ ወፋፍራም፣ ባለ አራት ቀዳዳ። አባባ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አድርጎ በሦስት ይከምራቸዋል። ተራው የደረሰው ከአንዱ ክምር ብቻ የፈለገውን ያህል ያነሳል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ ያነሳ ያሸንፋል። ታናሽ ትጀምር፣ የተሸነፈ አያጉረምርም፣ ይህ ነበር የቤቱ ሕግ። ማን ሱቁን ይጥረግ፣ ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን ዝናብ ላይ ወጥቶ የሙሽራዋን ቀሚስ ያድርስ፣ ሁሉም የሚወሰነው በቁልፍ ነበር። ሌላው ቤት በዱላ የሚፈታውን እኛ ቤት በቁልፍ እንፈታው ነበር። ስንቱን ዝናብ በላሁት ወንድም ጋሼ! ዘወትር ታሸንፈኝ ነበር። አንዳንዴ ብቻ፣ ሲደክመኝ ወይም ሳል ሲይዘኝ፣ እድል ቀናኝ ብዬ እፈነጥዝ ነበር። ፌንጣ ያልከኝ ያኔ ነው።

የእማዬ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ነበር። ጠርዝ ስትጠልፍ የተሰፋው ነገር ወዲያው ተከትሎ ራሱን እንዲደግም አትወድም፤ የተደጋገመ ጥልፍ ዓይን ያስተኛል ትል ነበር። እኛ ከሷ ሰርቀን ጨዋታ አደረግነው። አንተ ቀይ ትላለህ፣ እኔ ጥቁር እላለሁ፣ አንተ ቀይ ትላለህ። ሁለት ቀለም ብቻ ቢኖረን እዚያው ላይ ጉዳችን ፈላ፤ ቀይ ካልኩ ቀይ ቀይ ሊሆን ነው፣ ጥቁር ካልኩ ቀይ ጥቁር፣ ቀይ ጥቁር ሊሆን ነው። ሰማያዊ ስትገባ ግን መውጫ አለ። መጀመሪያ የደገመ ተሸነፈ፣ ዕቃ ያጥባል። አንድ ክረምት ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ ትልቁን መጋረጃ ስትሠሩ፣ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በሦስቱ ቀለም አንዲት ቦታ ሳትደግም ጨረስከው። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር። እማዬ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ሁሉንም አነበበችውና ግንባርህን ሳመችህ። በሦስት ቀለም ሳይደግሙ እስከ ፈለጉት ድረስ መሄድ እንደሚቻል እኔ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በወፍራም መጽሐፍ ላይ ነው። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲያረጋግጠው እጄን አውጥቼ፣ ወንድሜ መጋረጃ ላይ ሰፍቶታል ልል ቃጣኝና ተውኩት።

ምን እንደምሠራ ስትጠየቅ ልጆች ታስተምራለች ብለህ እንደምታልፈው ጫማ ሰፊው ነግሮኛል። ሥራዬ ያው ነው እኮ! የቁልፍ ክምሮችና የማይደገሙ ጠርዞች። እኛ በቀለም ፈንታ በፊደል እንጽፋቸዋለን፣ ቃል እንላቸዋለን፤ ማንም የማይናገራቸው፣ ትርጉም የሌላቸው፣ ረጃጅም ቃላት። የቀረው ያው የእማዬና የአባባ ሱቅ ነው።

በዩኒቨርሲቲያችን በዓመት አንድ ጊዜ የምርምር ቀን የሚባል አለ። ሁሉም ክፍል አንድ አዳራሽ ይሰበሰብና እያንዳንዱ በሩብ ሰዓት፣ የሌላው ክፍል ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደከረመ ይናገራል። ከወር በፊት ካፖርትህን ለብሼ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የነበረው የአፈር ተመራማሪ ትል በብልቃጥ ይዞ መጥቶ የፊተኛውን ረድፍ አስጮኸው። ከእኔ ቀጥላ የነበረችው የወፍ ዜማ የምታጠና ናት፤ አንዲት ወፍ ዜማዋን ስትቀጥል የቅርቡን ላለመድገም እንደምትሸሽ በድምፅ መቅጃ አሰማችን። እኔ ይህማ የእማዬ ወፍ ናት ብዬ በልቤ ሳቅኩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ ከምሬ አጫወትኳቸው። ደስ አላቸው። በኋላ ያ ባለ ትሉ ሰውዬ ተነስቶ፣ የእኔ ትል አፈር ያለመልማል፣ የሷ ወፍ ታዜማለች፣ ይሄ ያንቺ ጨዋታ ግን ለማን ምን ጠቀመ አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔን ትምህርት ቤት ላከኝ ልለው ነበር። ተውኩትና ቁልፎቼን መልቀም ጀመርኩ።

ለሻይ ስንወጣ ከሕክምና ክፍል የመጣች አንዲት የዓይን ሐኪም አጠገቤ ቆመች። ወጣት ናት፣ ቀጥተኛ፣ የሰው ልብስ ሳታስፈቅድ የምትነካ። የካፖርቴን ጠርዝ ገልጣ ይህ ነው ወይ ያልሽው የማይደገም ነገር አለችኝ። አዎ ብዬ ከግራ ኪሱ ዝቅ ወዳለችው ቦታ ወሰድኳትና ያየሁትን አሳየኋት። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር። አንተ ደገምክ ወንድም ጋሼ። መጋረጃ ሙሉ ያልደገመ ሰው፣ በእህቱ ካፖርት ላይ ደገመ። ያ ክር ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ሐኪሟ ጠርዙን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና፣ ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። ስልሳ አንድ አልኳት። ድካም አይደለም፣ የዓይን ሞራ ነው የሚመስለው አለችኝ። ሞራ ሲጋርድ መጀመሪያ የሚያምታታው ጥቁሩንና ሰማያዊውን ነው፤ ሰውየው ራሱ አያውቀውም፣ መብራቱ የደከመ ነው የሚመስለው አለች። ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው፣ በማግስቱ ያያል አለች። ካቆየው ግን ይጠነክራል፣ ያኔ እኔም ይከብደኛል ብላ ቀን ቆረጠችልን። የሚመጣው ወር በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ምርመራውን ራሷ ታደርግልሃለች። ያንን ቀን ካሳለፍከው ሌላ ቀን የምታገኘው ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንተ እንደ ልማድህ እየዳበስክ ትሰፋለህ፣ መኪናውም ጣትህን ይሰፋዋል።

ወደ ወረቀቱ ከመምጣቴ በፊት ግን ስለዚያች ከሰዓት ልንገርህ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አንስተናት አናውቅም።

የአባባ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረ በዓመቱ ነው። መቀስ መያዝ አቅቶት ነበር። አንተ ስምንተኛን ከጨረስክ ሁለት ዓመት አልፎሃል፤ በኛ ከተማ ከዚያ በላይ ትምህርት ስላልነበረ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ የእኔን ደብተር ታነብ ነበር። እኔም በዚያው ዓመት ጨረስኩ። ከዚያ የአክስታችን ደብዳቤ መጣ። ቤቴ አንድ አልጋ የምታዘረጋ ጥግ አለች፣ ከሁለቱ አንዳቸውን ላኩልኝ፣ አስተምራለሁ የሚል። አንዳችን እንሄዳለን፣ አንዳችን መቀሱን እንይዛለን። እማዬ ወደ ጓሮ ወጣች። አባባ በልጆቼ መካከል አልመርጥም ብሎ ቆርቆሮውን አወረደ፤ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጁ አሥራ ሁለቱን ቆጥሮ በሦስት ከመራቸው፤ እንደ ቤቱ ሕግ ይሁን ብሎ እሱም ወጣ። አሸናፊው በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈራል።

ያቺን ጨዋታ ቁልፍ በቁልፍ አስታውሳታለሁ። እኔ ከአራቱ ሁለት አነሳሁ። አንተ ከአምስቱ አንዲት ብቻ አነሳህ። እኔ ከዚያችው ክምር ሦስት አነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው ቀሩ፤ ተራው ያንተ ነበር። አሰብክ። አሁንም አሰብክ። አንተ ረጅም ካሰብክ ዘወትር ታሸንፈኛለህ። ስሜ ከአውቶቡሱ ላይ ሲፋቅ ታየኝ። ያኔ አባባ ከጓሮ ጠራህ፤ ወንበሩን እንድታወጣለት ነው መሰለኝ። ተነስተህ ወጣህ።

እኔ ሰረቅኩ።

ከሦስቱ ክምር አንዷን አንስቼ በጭብጤ ያዝኳት። ለምን እሷን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ምንም አላሰላሁም፤ ብቻ አንድ ነገር እንዲለወጥ ፈለግኩ። ተመለስክ፣ ተቀመጥክ፣ ጠረጴዛውን አየህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት። ከዚያ ጭብጤን አየህ። ከዚያ እኔን አየህ። አሁን ይናገራል፣ አሁን አባባን ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ፈገግ አልክና ከሁለቱ ባለ ሁለት ክምሮች አንዱን ሙሉውን አነሳህ። አንድና ሁለት ቀሩ። እኔ ከሁለቱ አንዷን፣ አንተ አንዷን፣ እኔ የመጨረሻዋን። ፌንጣ ሄደች በቃ ብለህ ጮህክ፤ እየሳቅክ አባባን ጠራህ። ያን ቀን ማታ ሻንጣዬን ያሰርክልኝ አንተ ነህ። ቁልፏ እስከዚያ ድረስ ጭብጤ ውስጥ ነበረች፤ ስለቀቃት አራቱ ቀዳዳዎቿ መዳፌ ላይ ታትመው ነበር።

ይኸው ነው ኑዛዜዬ። ትምህርቴን ሰርቄ ነው የሄድኩት። በአባባ ቀብር ስመጣ ልነግርህ ቆርጬ ነበር። ሱቁ ስገባ ከመኪናው በላይ ባለው ሚስማር ላይ አሥራ አንዱ ቁልፎች በክር ተሰክተው ተንጠልጥለው አየኋቸው፤ የክሩ ጫፍ ሳይቋጠር፣ አንድ እንደሚጠብቅ ሆኖ። ኑዛዜውን ትቼ ስለ ዝናብ አወራሁህ።

የሚገርምህ ግን ስርቆቱ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አስተማሪያችን ይህንኑ ጨዋታ በሰሌዳ አሳየን። ሁለት እኩል ክምር ፊት ተራው የደረሰው ሰው አበቃለት፤ እሱ ከአንዱ ያነሳውን ያህል ሌላኛው ከሌላው እያነሳ ይከተለዋል፣ የመጨረሻዋንም ይወስዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፊት ተራው የደረሰውም እንደዚሁ፤ ምንም ቢያነሳ ባላጋራው ሁለት እኩል ክምር አድርጎ ይመልስለታል። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ገባህ አይደል? ሳልሰርቅ በፊት የተያዝከው አንተ ነበርክ። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያስፈታሁህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ሲሆን አንዷን ብቻዋን ያለችውን ብታነሳት፣ ሁለት እኩል ክምር ፊት ታስቀምጠኝና አልቆልኝ ነበር። የሰረቅኳት ቁልፍ አውቶቡሱን ለአንተ ሰጥታህ ነበር። ሞኝ ሌባ ማለት እኔ ነኝ!

ለረጅም ዘመን እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ወንድም ጋሼም አያውቅም ነበር፤ ሁለታችንም ልጆች ነበርን፤ እሱም ተሳሳተ፣ እኔም ተሳሳትኩ፣ ዕድል ወደ እኔ አደላች።

አሁን ወረቀቱ። ካፖርቱን በአሮጌ የልብስ መቁረጫ ወረቀት፣ በአባባ የእጅጌ ቅድ ጠቅልለህ ነው የላክኸው። ቡኒ ወረቀት ነው ብለህ እንደሆን እንጃ። እርሳስ ስለሆነ አልታየህም፤ ቢታይህ ኖሮ በሕይወትህ አትልከውም ነበር። የወረቀቱ ግማሽ በአንተ ጽሕፈት ተሞልቷል፣ በዚያ ጭንቅንቅ ባለው የልጅነት ጽሕፈትህ። ከላይ እዚህ ፊት ተራው የደረሰው ይሸነፋል ይላል። ከሥሩ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት። አንድ ሁለት ሦስት። አንድ አራት አምስት። ሁለት አራት ስድስት። እየቀጠለ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይወርዳል፤ እያንዳንዱን ፈተሽኩት፣ አንድም ስህተት የለበትም። በጎኑ ደግሞ መውጫዎቹ አሉ፤ አንድ ሁለት ሁለት ሲሆን አንዷን አንሳ። ሁለት ሦስት አምስት ሲሆን ከአምስቱ አራቱን አንሳ። በእርሳሱ ላይ አባባ የእጅጌ ልኬት በቀለም ጽፎበታል፤ ቀጥ ባለ፣ ባልተንቀጠቀጠ እጁ። እንግዲህ አንተ ያንን የጻፍከው እጁ ሳይታመም፣ የአክስታችንም ደብዳቤ ሳይመጣ ነው።

ያቺ ከሰዓት ከመጀመሪያው እንቅስቃሴዬ በኋላ ፊትህ የነበሩት ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ናቸው። አንተ ከአምስቱ አንዲት አነሳህ።

ሌላ አልጨምርም። ከምርምር ቀኑ በኋላ አንድ ከሰዓት ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግቼ በጉልበቴ እንደተቀመጥኩ መሸብኝ። አለቀስኩ ወንድም ጋሼ፣ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥቼ። የታመምኩባቸውን፣ እድል ቀናኝ ያልኩባቸውንም ቀኖች ሁሉ መቁጠር ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። አዳራሹ ውስጥ ያ ባለ ትሉ ሰው የጠየቀኝን መልስ አሁን አውቀዋለሁ፤ ግን ለሱ አልነግረውም። ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬም አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህ ወረቀቱ የኔ አይደለም ትለኛለህ፣ አውቅሃለሁ።

ስለዚህ እኔና አንተ እንደ ቤቱ ሕግ እንነጋገር። ያቺ ጨዋታ ስርቆት ስላለበት አልተጠናቀቀችም። ከሚስማሩ ላይ ክሩን አውርድና አምስት ቁልፍ ፍታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት አድርገህ ጠረጴዛው ላይ ከምራቸው። ጨርቋ ውስጥ ያለችውን አውጣና ከአንዱ ባለ ሁለት ክምር ላይ ጨምራት። አባባ ጠርቶህ ከመውጣትህ በፊት እንደነበረው ነው። ያኔ ያሸነፈ ነበር አውቶቡስ የሚሳፈረው፤ አሁን የተሸነፈ ይሳፈር። ሱቁን ሁለት ሳምንት ጫማ ሰፊው ይጠብቅልሃል፤ ጠይቄው እሺ ብሏል፣ ሬዲዮኑንም እንደሚቀንስ ምሎልኛል። ቤቴ አንድ አልጋ የምታዘረጋ ጥግ አለች፤ አልጋው ከተዘረጋ ሳምንቱ ነው። ምን እንዳነሳህ ደውለህ ንገረኝ፤ እኔ ምን እንደማነሳ ታውቀዋለህ። የተሸነፈ አያጉረምርም።

ክር ከመርፌ ዓይን በአንድ ሙከራ የምታሳልፍበትን ቀን ፈጣሪ ያሳየኝ። ጣትህን ክፉ አይንካው። ዕድሜህን ያርዝመው፣ ሰማያዊውን ከጥቁሩ እየለየህ የምትኖርበት ዕድሜ ይሁንልህ። የእማዬና የአባባ ምርቃት ከእኔ ይልቅ ላንተ ይድረስ፤ ለእኔ ያንተ ደርሶኛል።

አሁን ጨርቋን ፍታት። ተራው ያንተ ነው።

ታናሽ እህትህ፣
ፌንጣ